ከሁለት ቤት የመጣ ፊደል

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን፣ ጉልበትሽን፣ እንቅልፍሽን አላህ ይጠብቅልሽ። ባለፈው ስንነጋገር ያ የወገብ ሕመም ተመልሶብኛል ብለሽኝ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይ? ፎቁን ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው ያልሽውም ከልቤ አልወጣም። ኩዌት ዘንድሮም ሙቀቱ ከብዷል ይላሉ። ውሃ ጠጪ። ለሰው ስትሮጪ ራስሽን አትርሺ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ዓይኗ ደከም ከማለቱ በቀር ጆሮዋም ልቧም እንዳለ ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ታውቃለች። መካነ ሰላምም እንደምታውቂያት ናት። ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም ገብሱ ጥሩ ይዟል። የአባትሽን ቤት የተከራየው መምህር ጣራውን አሳድሶታል፤ ግቢውንም በደንብ ይዞታል፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። አንቺ ስልኩን የምታነሺው ሰው በተሰበሰበበት ነው፤ እኔ ጋ ደግሞ መስመሩ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ልነግርሽ ያሰብኩት በተቆራረጠ ድምፅ የሚነገር አይደለም። የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ኸዲጃ ለእረፍት መጥታ ከርማ ወደዚያው ልትመለስ ነው፤ በእጅሽ እንድታደርስልኝ ለምኛት እሺ ብላኛለች። ብቻሽን ስትሆኚ አንብቢው።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ፤ ሌላው በየተራው ይመጣል። ፈርሂያ በእግሯ ትሄዳለች። እስከ ደጅ ማለቴ አይደለም። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን ዳገት፣ ያንን እኔና አንቺ በልጅነታችን እየተጓተትን የምንወጣውን፣ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ማንም ሳይደግፋት ወጣችው። እኔ ብትወድቅ ልደርስላት ብዬ ራቅ ብዬ እከተላት ነበር። ዞር ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ከምትከተይኝ ቀድመሽ ብትገቢ አይሻልም? ደወሉ ተደውሏል እኮ!» አለችኝ። እኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዋ በገዛ ተማሪዬ ተገሠጽኩልሽ። ሥቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። እዚያው ዳገቱ ላይ ቆሜ አላህን አመሰገንኩ፤ ቀጥዬም አንቺን አመሰገንኩ። ለምን አንቺን እንደሆነ ደብዳቤውን ስትጨርሺ ይገባሻል።

ልጅሽ የሆነችውን በስልክ ሰምተሻል፤ ነገር ግን ሩቅ ሆነሽ ያላየሽው ብዙ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ትተሽልኝ ስትሄጂ ጡት እንኳ ያልጠገበች ሕፃን ነበረች። ጊዜዋ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ልጅ ቆመች፣ ተራመደች። ደውዬ ስነግርሽ በስልኩ ውስጥ እልል ማለትሽ አሁንም በጆሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ስትራመድ ወገቧ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። ደረጃ ሲገጥማት ጉልበቷን በእጇ እየገፋች ነው የምትወጣው። ጸጉሯን ስሠራት እጅሽን ወደ ላይ አንሺ ስላት ታነሣለች፤ ወዲያው ይከብዳትና ይወድቅባታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የዓይኗ ቆብ ዝቅ ይላል፤ የማያውቃት ሰው እንቅልፍ የመጣባት ይመስለዋል። ከሁሉ የባሰው አንዳንድ ሳምንት ደህና መሆኗ ነበር። ደህና ስትሆን ያዩ ሰዎች ስትወድቅ ሲያዩዋት «ታስመስላለች» ይሏታል። እሷም ይህን ስትሰማ እንዳይሏት ብላ ተነሥታ ትሞክራለች፤ ደግማ ትወድቃለች።

ያልወሰድኳት ቦታ የለም። ሼኾቹ ዱዓ አድርገውላታል። ያንቺ ዘመዶች ጠበል ወስደዋታል፤ እኔም አብሬ ሄጃለሁ። አንዳንዱ የልጅነት ልምሻ ነው አለ፤ ክትባቷን አንድም ሳላዘልል ያስከተብኳት እኔ ራሴ ነኝና አላመንኩም። ሌላው ደግሞ፣ ይቅር በዪኝና ይህንንም ልንገርሽ፣ «የዐረብ ደም ካገራችን አየር አልስማማ ብሎት ነው» ይል ነበር። እንደምታውቂው ልጅቷን ታቅፈሽ የመጣሽ ጊዜ አገሩ ሁሉ «ከዚያው ካረብ አገር ወልዳ መጣች» ብሎ ደመደመ። አንቺም አንድ ቃል አልመለስሽላቸውም። እኔም አገር ያመነውን አመንኩ። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ብዬ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም።

ደሴ ስወስዳት የነርቭና የጡንቻ በሽታ ነው ተብሎ ኪኒን ታዘዘላት። ኪኒኑን ስትውጥ የባሰ ደከመች። ምግብ መዋጥ አቅቷት ስታንቅ አየሁ፤ ያንን ቀን አልረሳውም። ሐኪሞቹ ተሯሩጠው መድኃኒቱን አስቆሙልኝ። ያዘዘላትን ሐኪም አልወቅሰውም፤ ኋላ እንደተረዳሁት ለብዙ ልጆች የሚበጅ መድኃኒት ነው፤ ለፈርሂያ ግን አልሆነም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ከአዲስ አበባ የልጆች የነርቭ ሐኪሞች ደሴ መጥተው ያያሉ ሲባል የሰማሁት። ከእነሱ አንዱ ዶክተር በእውቀቱ ይባላሉ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ፈርሂያን አልጋው ላይ አላስተኟትም፤ ወለሉ ላይ አብረዋት ተቀመጡና «እስቲ ሳትደገፊ ተነሽ» አሏት። ወደ ላይ ተመልከች፣ እጅሽን ዘርጊ፣ ድምፅ አውጥተሽ ቁጠሪ እያሉ ከጨዋታ የማይለይ ምርመራ አደረጉላት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞረው የትኛው መድኃኒት እንደባሰባት ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «የባሰባት ነገር ራሱ መንገድ ያሳየናል» አሉኝ። ስጋታቸው ግን በሽታው አንድ አለመሆኑ ነበር። መልኩ የሚመሳሰል ብዙ ዓይነት አለው፤ ላንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደሟ ተወስዶ መነበብ አለበት አሉኝ፤ አዲስ አበባ ቀጠሩን።

መንገዱን አትጠይቂኝ። ተዘጋ ሲባል ቀጠሯችን ያልፋል፣ ተከፈተ ሲባል እንነሣለን። በመጨረሻ ሚኒባስ አግኝተን፣ ልጅቷን እግሬ ላይ አስተኝቼ፣ ደሴ አድረን አዲስ አበባ ገባን።

እዚያ ዶክተሩ አስቀምጠው አስረዱኝ። አስተማሪ መሆኔን ስለነገርኳቸው በፊደል ነው ያስረዱኝ። የሰው ተፈጥሮ የተጻፈበት ጽሑፍ በእያንዳንዱ የሰውነታችን ክፍል ውስጥ አለ፤ ጂኖም ይባላል፤ እጅግ በጣም ረጅም ነው። ከዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ግን ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ ያለው ከመቶ ሁለት እጅ በማይሞላው ላይ ብቻ ነው። ያችን ክፍል ኤክሶም ይሏታል። «ሙሉውን ከማንበብ እሷን መርጠን እናነባለን» አሉኝ፤ «ብዙውን ጊዜ በሽታ የሚያመጣው የፊደል ግድፈት የሚገኘው እዚያ ነውና።» እኔም ተማሪ ሆኜ ጠየቅኩ፤ የቀረው ታዲያ ምን ይሠራል አልኳቸው። ሣቅ ብለው «ከፊሉን ገና እየተማርን ነው» አሉኝ። አላውቅም የሚል ሐኪም ሳይ ልቤ አመናቸው።

ምርመራው ውጭ አገር ነው የሚሠራው፤ ለጥናት ስለሆነ ከእኛ አይከፈልም። ከማስፈረማቸው በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። የእናትና የአባት ደም አብሮ ሲነበብ ስለ ዝምድና ያልታሰበ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይ አሉኝ። ሐሳቤ ሁሉ ልጅቷ ላይ ነበርና አዎ ብዬ ፈረምኩ። ነርሷ የፈርሂያን ደም ከወሰደች በኋላ «አባት የሉም?» አለችኝ። የሉም አልኳት። «እሺ፣ እናት፣ እጅዎን» አለችኝ። እናት ስትለኝ እጄን ዘረጋሁላት። ምን ልበልሽ፤ ሊያታልላት ያሰበ ልብ አልነበረኝም። ትዳሬ በልጅ እጦት ከፈረሰ በኋላ አንቺ ያችን ሕፃን ደረቴ ላይ ካስቀመጥሽልኝ ጀምሮ እናት ሲባል ዞር የምለው እኔ ነኝ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ተዘረጋ።

ከዚያ ረጅም መጠበቅ ሆነ። ኔትወርኩ የጠፋበት ጊዜም መጣ፤ ይደውሉልኝ አይደውሉልኝ እንኳ ማወቂያ አልነበረኝም። በእነዚያ ወራት ፈርሂያ ክፉኛ ደከመች። ትምህርት ቤት የምትሄደው ታዝላ ነበር፤ እኔ ሲደክመኝ የክፍሏ ልጆች ተጋግዘው ያደርሷት ነበር። የእነዚያን ልጆች ውለታ አንድ ቀን ለእናቶቻቸው ቆሜ እናገራለሁ። መስመሩ በተከፈተ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ዶክተር በእውቀቱ ናቸው። «ተገኝቷል፤ ልጅቷን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ከደስታቸው የተነሣ እርስዎ ማለቱን ረስተውት ነበር።

ክፍላቸው ገብተን ስንቀመጥ መጀመሪያ ያወሩት ለፈርሂያ ነው። «ጡንቻሽ ጤነኛ ነው፤ ነርቭሽም ጤነኛ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው መልእክቱ የሚደክመው። ሰነፍም አይደለሽም፣ አታስመስዪምም» አሏት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። መድኃኒቱን ገና ሳትቀምስ ግማሹን የዳነችው ያን ጊዜ ነው። ለእኔም ነገሩኝ። የመገናኛውን ሥራ የሚመራ አንድ ዘረመል አለ፤ እያንዳንዳችን ሁለት ቅጂ አለን፣ አንዱን ከእናት አንዱን ከአባት። በፈርሂያ ሁለቱም ላይ ግድፈት ተገኝቷል፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ እዚህ ጋ፣ ሌላው እዚያ ጋ ነው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ምንም አያደርግም፤ ሰው ሳያውቀው ይዞት ኖሮ ያረጃል። ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ነው ጉልበት የሚያሳጣው። መድኃኒቱም አለ አሉኝ። ምን ይመስልሻል? ሳልቡታሞል! ለአስም የሚሰጠው።

ቀጥለው ፈርሂያን ክብደቷን እንድትለካ ከነርሷ ጋር አስወጧት። በሩ ሲዘጋ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «ስለ ዝምድና ማወቅ እፈልጋለሁ ብለው ፈርመው ነበር። አሁንስ? ካልፈለጉ እዚሁ ይቀራል» አሉኝ። የተያዝኩ መሰለኝ። ሳይጨርሱ ቀድሜ «ዶክተር፣ አልወለድኳትም፣ አሳደግኳት እንጂ። የአብሮ አደጌ ልጅ ናት። ነርሷ እናት ስትለኝ ነው እጄን የሰጠሁት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። እንዳልወለድኳትማ ንባቡ ነግሯቸዋል። «ግራ የገባኝ ሌላው ነው» አሉኝ። «አብሮ አደግዎ ዘመድዎ ናት?»

አይደለችም አልኳቸው። ሃይማኖታችንም ዘራችንም ለየብቻ ነው፤ የሚያገናኘን አጥር ነው አልኳቸው።

ወረቀቱን አገላበጡ። «ከሁለቱ ግድፈቶች አንደኛው እርስዎ ላይ አለ። እሱ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር። ግን በሌላውም በብዙ ቦታ ከልጅቷ ጋር ይጋራሉ። የሩቅ ሰው ይህን ያህል አይጋራም» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድም ወይም እኅት አለዎት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ወንድም ነበረኝ» አልኳቸው።

«ነበረኝ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ነበረኝ።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ፈርሂያ ክብደቷን ተለክታ ስትገባ እንደ አዲስ አየኋት። ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ ስትቀመጥ እግሯን የምታጣጥፍበትን ሁኔታ። ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔ ሥር ኖሮ ሳላየው የቀረ ስንት ነገር አለ!

ወደ አገር ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። ከአቀስታ ወዲህ ያለችውን ያችን የመንገድ ጥምዝ ስናልፍ፣ የወንድሜ የአህመዲን መኪና የተገለበጠባትን፣ ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍን ነበር። በዚያ ቀን አልጨፈንኩም። ፈርሂያ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ቀና አድርጌ ያዝኳት።

ያልገባኝ ሁሉ ያን ቀን አንድ በአንድ ገባኝ። ለአባትሽ ተዝካር በፈቃድ የመጣሽ ጊዜ ስትመለሺ ደሴ ድረስ ያደረሰሽ አህመዲን ነበር፤ እህል ጭኖ ስለሚሄድ ነው ብለን ነበር። ሲመለስ መኪናውን ደጅ አቁሞ ጋቢናው ውስጥ ለብቻው ብዙ ተቀመጠ። ደክሞት ነው ብዬ ራቱን ይዤለት ወጣሁ፤ «ኩዌት ስንት ሰዓት ነው አሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሣቅኩበት። ጥር ላይ ሞተ። አንቺ ሐምሌ ላይ፣ ገና ሰማንያ ቀኗ ያልሞላ ሕፃን ታቅፈሽ መጣሽ። ወደ አባትሽ ቤት ሳትገቢ በቀጥታ እኛ ቤት ነው የመጣሽው። እማ እግር ሥር ተቀምጠሽ ያለቀስሽው ለቅሶ! ሰው «ለጎረቤት ልጅ ይህን ያህል የምታለቅስ፣ እንዴት ያለች ደግ ናት» አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ። ሕፃኗን ስታቀብዪኝ «ስሟ ፈርሂያ ነው» አልሽኝ። ክርስቲያን ሆነሽ ለምን እንዲህ ብለሽ እንደሰየምሻት ሲገርመኝ፣ በኛ ቤት ስለምታድግ እንዳይከብደን ብለሽ ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ያህል ጅል ነበርኩ!

እስቲ አሁን ባንቺ ቦታ ቆሜ ሳስበው፣ ምን ማለት ትችዪ ነበር? የሞተ ሰው አይመሰክርም። ብትናገሪ «የሌላውን ልጅ ለሟች ሰጠች፣ ውርስ ፈልጋ ነው» ይሉሽ ነበር። የሰው አፍ አንቺን ከመቅጣቱ በላይ የሱንም ስም በመቃብሩ ያነሣው ነበር። አንቺ ግን ስሙን አልነካሽም። ለራስሽ ከዐረብ ወለደች መባልን ተሸክመሽ፣ ልጅቷን ለኛ ቤት አምጥተሽ፣ ዝም ብለሽ ሄድሽ። ያንን ሁሉ መንደር፣ ያንን ሁሉ የገዛ ዘመድሽን ቤት አልፈሽ የኛን በር ያንኳኳሽበት ምክንያት አሁን ገባኝ። እኔ እስከ ዛሬ ልጅ የሌላት ጓደኛዬን ላጽናና ብለሽ የሰጠሽኝ መስሎኝ ነበር የማመሰግንሽ። ለዚያም አመሰግንሻለሁ። ግን የሰጠሽኝ ከዚያ ይበልጣል። ወንድሜን ቀብሬ ቤቴ ስገባ ከአባቴ ቤት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። አልነበርኩም። ስድስት ወር ሳይሞላ አንቺ በደጄ ይዘሽልኝ መጥተሻል።

መድኃኒቱን እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከቤታችን በታች ካለው ከደሳለው ፋርማሲ ነው የገዛነው። ደሳለው ማዘዣውን አንብቦ «አስም የለባትም እኮ» አለ። ነገሩን ሳስረዳው መደርደሪያውን ዞሮ አየው። «ይኼ ሁሉ ዓመት እዚህ ጋ ተቀምጦ?» አለና ጭንቅላቱን ያዘ። አይዞህ፣ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር አልኩት። ዶክተሩ ቶሎ እንዳትጠብቁ ብለውን ነበር፤ እውነትም በአንድ ጊዜ አልመጣም። መጀመሪያ የዓይኗ ቆብ ተነሣ። ቀጥሎ አንድ ጠዋት ጸጉሯን ልሠራት ስል ማበጠሪያውን ተቀብላኝ ራሷ አበጠረች፤ እጇ ሳይወድቅ። ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ዳገቱ። አሁንም ስትሮጥ ትደክማለች፤ ከጓደኞቿ ኋላ ትቀራለች፤ መድኃኒቱንም ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች። ግን ትሄዳለች።

ዶክተሩ ለእናቷ ይንገሯት ያሉኝ አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ግድፈት ካንቺ የመጣ ነው ብለው ያምናሉ። አትደንግጪ፤ ላንቺ ምንም አያደርግሽም፤ እኔም የኔን ይዤ ይኸው ኖሬያለሁ። «የኔ ደም ነው ያሳመማት» ብለሽ ደግሞ እንዳታለቅሺ። እኔም እንዲህ ብዬ ላለቅስ ስል ዶክተሩ ከልክለውኛል። አንዱ ከኛ ቤት፣ አንዱ ካንቺ ቤት ነው የመጣው፤ ማንም አልላከውም፣ ማንም አላወቀውም። ሣቋም እንደዚሁ ከሁለት ቤት ነው የመጣው፤ የሱን ጥፋተኛ ማንም አይፈልግም።

ለፈርሂያ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ቃሉ ያንቺ ነው፤ ስትፈልጊ ትናገሪዋለሽ፣ ካልፈለግሽም እኔ ዘንድ ይቀመጣል። አንድ ነገር ብቻ ብጠይቅሽ ቅር አይበልሽ። አህመዲን አውቆ ነበር ወይ? ደውለሽለት ነበር? ሳያውቅ ሄዶ ከሆነ ስላልሰማው ደስታ አዝንለታለሁ። አውቆም ከሆነ ጥምዟ ጋ ሲደርስ ምን እያሰበ እንደነበር እገምታለሁ። ሊከብድሽ ከሆነ አትመልሺልኝ።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ ደብዳቤውን ላሽግ ነበር። እማ አጠገቤ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ተስቢሕ እያደረገች ነው። ለማን ነው የምትጽፊው አለችኝ፤ ነገርኳት። ሰላም የምትያት ነገር ካለ ልጻፍላት አልኳት። መቁጠሪያዋን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና «ምራቴን ሰላም በይልኝ» አለች።

እጄ ቆመ። ተሳስታ መሰለኝና ማንን ነው ያልሽው፣ እማ አልኳት። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ሰምተሻል። እንዳልኩሽ ጻፊው። ምራቴን ሰላም በይልኝ፤ ልጄ አደራ ያለኝን ይኸው በእግሯ አቁሜያታለሁ በያት። እኔ አርጅቻለሁ፤ የምትመጣ ከሆነ ቶሎ ትምጣ» አለች። መቁጠሪያዋን መልሳ አነሣች።

እኔም እንዳለችኝ ጽፌዋለሁ።

ነይልን። አገሩ ምን ይላል ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ከኛ ደጅ የሚያልፍ ሁሉ እማን ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ሳታስቢው የሚያስደስትሽ ይግጠምሽ። አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን፤ ያንቺዋ እመብርሃንም በወጣሽበት በገባሽበት አትለይሽ። ፈርሂያ ከደጅ ሆና «ለእማዬ ብዙ ብዙ ሰላም» እያለች እየጮኸች ነው።

የልጅሽ አክስት